ያገረሸ ፎሊኩላር ሊምፎማና ዒላማ ተኮር መድኃኒቶች፦ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ፎሊኩላር ሊምፎማ በሕክምና ጋብ ብሎ ለዓመታት ከቆየ በኋላ ተመልሶ ሊመጣ የሚችል የካንሰር ዓይነት ነው። በሽታው ማገርሸቱ ሲነገራቸው ብዙ ታካሚዎችና ቤተሰቦች የመጀመሪያው ሕክምና ከንቱ እንደ ቀረ፣ ቀሪው ተስፋም ከውጭ አገር የሚመጣ ውድ መድኃኒት ብቻ እንደ ሆነ ይገምታሉ። ሁለቱም ግምቶች ትክክል አይደሉም። ያገረሸ ፎሊኩላር ሊምፎማ ዳግም ሊታከም የሚችል በሽታ ነው፤ ለዚሁ የሚያገለግሉ የተለያዩ ዒላማ ተኮር መድኃኒቶችም አሉ። ይሁን እንጂ ለአንድ ታካሚ የሚበጀው መድኃኒት የሚመረጠው በስሙ ወይም በዋጋው ሳይሆን፣ በሽታው አሁን ያለበት ሁኔታና በካንሰሩ ሴል ላይ የሚገኘው ዒላማ በምርመራ ሲረጋገጥ ነው። ይህ ጽሑፍ መድኃኒቶቹ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ከመጀመራቸው በፊት የትኞቹ ምርመራዎች እንደሚያስፈልጉና ታካሚዎች ከሐኪማቸው ጋር ሊመክሩባቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል።

በሽታው ምንድን ነው? ለምንስ ያገረሻል?

ፎሊኩላር ሊምፎማ ቢ-ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚነሣ ካንሰር ነው። እነዚህ ሴሎች በጤናማ ሰው ሰውነት ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላትን በማምረት ኢንፌክሽንን ይከላከላሉ። በአብዛኞቹ ታካሚዎች ላይ በክሮሞዞም 14 እና በክሮሞዞም 18 መካከል የቁራጭ መለዋወጥ ይከሰትና ቢሲኤል2 የተባለው ፕሮቲን ከመጠን በላይ ይመረታል። ይህ ፕሮቲን ሴሎች ጊዜያቸው ሲደርስ እንዳይሞቱ ያደርጋቸዋል። በመሆኑም የካንሰሩ ሴሎች የሚከማቹት በፍጥነት ስለሚራቡ ብቻ ሳይሆን መሞት ስለሚያቆሙ ጭምር ነው። በሽታው በአብዛኛው ዝግ ብሎ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ኬሞቴራፒ ይበልጥ የሚያጠቃው በፍጥነት የሚራቡ ሴሎችን ነው። ስለዚህ እብጠቱ በሕክምና ሙሉ በሙሉ የጠፋ ቢመስልም ጥቂት ሴሎች በመቅኒ ወይም በንፍፊት ዕጢዎች ውስጥ ሊተርፉና ከጊዜ በኋላ ሊያንሰራሩ ይችላሉ። ይህ የታካሚው ጥፋት አይደለም፤ ከምግብ፣ ከሥራ ወይም ከሐሳብ ብዛት የመጣም አይደለም።

ማገርሸት ለሁሉም ታካሚ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ኬሞቴራፒን ያካተተ ሕክምና ከጀመሩ ታካሚዎች መካከል ከአምስት በአንዱ ያህል በሽታው በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ይመለሳል። ይህ ሲሆን በሽታው ጠንከር ያለ ሊሆን ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። ከዚያ ዘግይቶ የሚያገረሽባቸው ታካሚዎች ግን ብዙዎቹ ሕክምናና ክትትል እያደረጉ ለረጅም ዓመታት ይኖራሉ።

እብጠት በመታየቱ ብቻ በሽታው አገረሸ አይባልም

ቀደም ሲል ሊምፎማ የነበረበት ሰው በአንገቱ፣ በብብቱ ወይም በብሽሽቱ ላይ አዲስ እብጠት ቢያይ በመጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው አዲስ ናሙና መውሰድ ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ በአገራችን የንፍፊት ዕጢ ቲቢ በስፋት ይታያል። ቲቢና ሊምፎማ ሁለቱም የዕጢ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ያስከትላሉ። ያገረሸ ሊምፎማ የመሰለው ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ቲቢ ነው ተብሎ ለወራት የታከመውም ሊምፎማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ፎሊኩላር ሊምፎማ በየዓመቱ ከመቶ ታካሚዎች ከሁለት እስከ ሦስት በሚሆኑት ላይ ወደ ፈጣን የሊምፎማ ዓይነት ይለወጣል። አንድ ዕጢ ከሌሎቹ ተለይቶ በፍጥነት ሲያድግ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ሲከሰት ይህ ለውጥ ይጠረጠራል። የተለወጠው በሽታ የሚታከመው በሌላ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ የሚፈልገው ዒላማ በሴሉ ላይ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ቀደም ሲል ዒላማ ተኮር መድኃኒት በወሰዱ አንዳንድ ታካሚዎች ላይ ዒላማው ራሱ ከካንሰሩ ሴል ላይ ሊጠፋ ይችላል።

በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ለመጀመሪያ ጥቆማ ቢጠቅምም የሊምፎማን ዓይነት ለይቶ ለመወሰን ብዙ ጊዜ በቂ አይደለም። የሚመረጠው ዕጢውን በሙሉ ወይም በቂ መጠን ያለውን ክፍል በቀዶ ሕክምና ማውጣትና ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ በተባለው ልዩ የማቅለም ዘዴ መመርመር ነው። ይህ ምርመራ በሁሉም ሆስፒታል ስለማይገኝ ናሙናው ወደ ሌላ ላቦራቶሪ መላክ ሊኖርበት ይችላል። ጊዜና ወጪ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ያለ እርሱ የሚገዛ መድኃኒት ከዚያ የበለጠ ወጪና ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ሕክምና ሁልጊዜ ወዲያውኑ አይጀመርም

በሽታው ማገርሸቱ ቢረጋገጥም ታካሚው ምንም የሕመም ስሜት ከሌለው፣ ዕጢዎቹ ትንንሽ ከሆኑና የደም ምርመራው ደህና ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒት ሳይጀምር በየተወሰኑ ወራት መከታተልን ሊመርጥ ይችላል። ይህ ታካሚውን ችላ ማለት ሳይሆን የታወቀ የሕክምና አሠራር ነው። እብጠቱ በአንድ ቦታ ብቻ የተወሰነ ከሆነም አነስተኛ መጠን ያለው የጨረር ሕክምና ሊበቃ ይችላል።

ዒላማ ተኮር መድኃኒት ማለት ምን ማለት ነው?

ኬሞቴራፒ የሚራቡ ሴሎችን ሁሉ ስለሚመታ የፀጉር፣ የአፍና የአንጀት ሴሎችንም ይጎዳል። ዒላማ ተኮር መድኃኒት ግን በካንሰሩ ሴል ላይ ወይም ውስጥ የሚገኝን አንድ የታወቀ ምልክት ፈልጎ ይይዛል።

የመጀመሪያው ታላቅ ውጤት የተገኘው በሪቱክሲማብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅስ ኮለርና ሴሳር ሚልስታይን አንድን ዒላማ ብቻ የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል በላቦራቶሪ ማምረት የሚቻልበትን ዘዴ አገኙ። ይህንን ዘዴ መነሻ በማድረግ የተሠራው ሪቱክሲማብ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ፈቃድ ሲያገኝ፣ ለካንሰር ሕክምና የተፈቀደ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። በወቅቱ የተፈቀደውም በትክክል ላገረሸ ወይም ለሕክምና እምቢ ላለ ዝግተኛ ሊምፎማ ነበር። ለፈቃዱ መሠረት በሆነውና 166 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በግማሽ ያህሉ ታካሚዎች ላይ እብጠቱ በጉልህ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ሪቱክሲማብን እ.ኤ.አ. በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቶታል።

ሪቱክሲማብ የሚይዘው ዒላማ ሲዲ20 ይባላል። ይህ ምልክት በካንሰሩ ሴሎች ብቻ ሳይሆን በጤናማ ቢ-ሊምፎሳይቶችም ላይ አለ። በመቅኒ ውስጥ ያሉት እናት ሴሎች ግን ስለሌላቸው ጤናማዎቹ ሴሎች ከወራት በኋላ ይተካሉ። እስከዚያው ድረስ ሰውነት ኢንፌክሽንን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ «ዒላማ ተኮር» ማለት «ጉዳት የሌለው» ማለት አይደለም።

መድኃኒቶቹ በየዒላማቸው

ሲዲ20ን የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት። ሪቱክሲማብና ኦቢኑቱዙማብ በዚህ ክፍል ይመደባሉ። በደም ሥር የሚሰጡ ሲሆን ለብቻቸው፣ ከኬሞቴራፒ ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር ይታዘዛሉ። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ሊከሰት ስለሚችል በዝግታና በባለሙያ ክትትል ይሰጣሉ። ከሪቱክሲማብ ጋር ተመሳሳይነታቸው በጥናት የተረጋገጠና ባዮሲሚላር የሚባሉ ምርቶችም አሉ፤ በተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የጸደቁ እስከ ሆኑ ድረስ በዋጋ መርከሳቸው የጥራት ማነስ ምልክት አይደለም።

ሌናሊዶማይድ ከሪቱክሲማብ ጋር። ሌናሊዶማይድ በአፍ የሚወሰድ እንክብል ሲሆን የሰውነትን የመከላከያ ሴሎች በካንሰሩ ላይ ያነሣሣል። ፎሊኩላር ሊምፎማና ሌላ ተቀራራቢ ዝግተኛ ሊምፎማ ያገረሸባቸው ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሁለቱን በጋራ የወሰዱት ታካሚዎች በሽታው ሳይባባስ የቆየበት አማካይ ጊዜ 39 ወር ያህል ሲሆን ሪቱክሲማብን ብቻ በወሰዱት ዘንድ 14 ወር ያህል ነበር። ይህን መነሻ በማድረግ ጥምረቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ሌናሊዶማይድ በፅንስ ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል በእርግዝና ወቅት በፍጹም አይወሰድም፤ ወንድ ታካሚዎችም ኮንዶም መጠቀም ይኖርባቸዋል። የደም መርጋት ሊያስከትልም ይችላል።

ሲዲ19ን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል። ታፋሲታማብ ከሌናሊዶማይድና ከሪቱክሲማብ ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ሲዲ19 ከሲዲ20 የተለየ ምልክት በመሆኑ ሁለት ዒላማዎች በአንድ ጊዜ ይመታሉ።

የሴሉን የውስጥ መልእክት የሚያግዱ እንክብሎች። ዛኑብሩቲኒብ ለካንሰሩ ሴል «ኑር፣ ተራባ» የሚል መልእክት የሚያስተላልፈውን ቢቲኬ የተባለ ፕሮቲን ያግዳል። ቢያንስ ሁለት ዙር የተለያየ ሕክምና ወስደው ባገረሸባቸው ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከኦቢኑቱዙማብ ጋር ሲሰጥ ከመቶ 69 ታካሚዎች ምላሽ ሲያሳዩ ኦቢኑቱዙማብን ብቻ ከወሰዱት ግን 46 ብቻ ነበሩ። የመድማትና የልብ ምት መዛባት ስጋት ስላለው ክትትል ያሻዋል።

የዘር ቅንጣት ለውጥን መሠረት ያደረገ መድኃኒት። ፎሊኩላር ሊምፎማ ካለባቸው ከአምስት አንድ በሚሆኑት ታካሚዎች ላይ ኢዜድኤች2 የተባለው የዘር ቅንጣት ለውጥ ይታይበታል። ይህን ዒላማ የሚያግደው ታዜሜቶስታት እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ ለውጡ ከነበራቸው ታካሚዎች ከመቶ 69 ምላሽ ማሳየታቸው፣ ለውጡ ከሌላቸው ግን 35 ብቻ መሆናቸው ታይቶ ነበር። አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ሰዎች ላይ የተለያየ ውጤት ሊያስገኝ የሚችለው ለምን እንደ ሆነ ይህ በግልጽ ያሳያል። ይሁንና መድኃኒቱ ሌላ የደም ካንሰር የማስከተል ስጋት እንዳለው በማስጠንቀቂያ ተመልክቷል።

የታካሚውን የመከላከያ ሴሎች የሚያሠማሩ ሕክምናዎች። ሞሱኔቱዙማብና ኤፕኮሪታማብ በአንድ እጃቸው የካንሰሩን ሴል፣ በሌላው የታካሚውን ቲ-ሴል በመያዝ ሁለቱን የሚያገናኙ ናቸው። ቢያንስ ሁለት ዙር ሕክምና የወሰዱ 90 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሞሱኔቱዙማብ ከመቶ በ60ዎቹ ላይ የበሽታውን ምልክት ሙሉ በሙሉ አጥፍቷል። ካር-ቲ በሚባለው ሕክምና ደግሞ የታካሚው ቲ-ሴሎች ከደሙ ተለይተው በላቦራቶሪ ካንሰሩን እንዲለዩ ከተደረጉ በኋላ ተመልሰው ይሰጡታል። ሁለቱም የመከላከያ ሴሎችን ከልክ በላይ በማነሣሣት ከፍተኛ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውረድና የአእምሮ መደናገር ሊያስከትሉ ይችላሉ። በመሆኑም የሚሰጡት ይህንን ለማከም ዝግጁ በሆኑ ማዕከላት ብቻ ነው።

አዲስ መድኃኒት ሁሉ የተሻለ አይደለም

ኢደላሊሲብ፣ ኮፓንሊሲብ፣ ዱቬሊሲብና ኡምብራሊሲብ ፒአይ3ኬ የተባለውን ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶች ናቸው። አራቱም እብጠቱን በመቀነሳቸው ላገረሸ ፎሊኩላር ሊምፎማ በአሜሪካ በተፋጠነ አሠራር ተፈቅደው ነበር። ቆይቶ ግን በዚህ ክፍል መድኃኒቶች ላይ ከባድ ኢንፌክሽን እንዲሁም የጉበት፣ የሳንባና የአንጀት ጉዳት ጎልቶ ታየ፤ የታካሚዎችን ዕድሜ እንደሚያራዝሙም ማረጋገጥ አልተቻለም። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት አምራቾቻቸው ለዚህ በሽታ የነበራቸውን የአሜሪካ ፈቃድ እንደሚመልሱ አስታወቁ።

ከዚህ የምንማረው፣ እብጠት መቀነሱና ታካሚው ረጅምና የተሻለ ሕይወት መኖሩ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጻፈ መረጃ ዛሬ ላይሠራ ስለሚችል፣ አንድ መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት ለዚህ በሽታ የተሰጠው ፈቃድ አሁንም የጸና መሆኑን ሐኪምዎን መጠየቅ ይገባል።

ከሕክምናው በፊት ሊታለፉ የማይገባቸው ምርመራዎች

• የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ። ቫይረሱ በአገራችን በስፋት የሚገኝ ሲሆን በሰውነት ውስጥ ያለ ምልክት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ሪቱክሲማብና ኦቢኑቱዙማብ ይህን ቫይረስ በመቀስቀስ ለሞት የሚያደርስ የጉበት ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ቫይረሱ አስቀድሞ ከታወቀ ግን በመከላከያ መድኃኒት አደጋውን መቀነስ ይቻላል። ምርመራው አሁን ያለውንም ሆነ ቀድሞ የነበረውን ኢንፌክሽን የሚያሳይ መሆን አለበት።

• የቲቢና የኤችአይቪ ምርመራ። የቲቢ ሕክምና እየወሰዱ ከሆነ ለካንሰር ሐኪምዎ መናገር ግዴታ ነው። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ዛኑብሩቲኒብንና ታዜሜቶስታትን የመሳሰሉ እንክብሎች በደም ውስጥ ያላቸውን መጠን በእጅጉ ስለሚቀንስ ሕክምናው እንዳይሠራ ሊያደርግ ይችላል።

• የእርግዝና ምርመራ፣ የልብ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ እንዲሁም ሙሉ የደም ቆጠራ።

በሕክምና ላይ እያሉ

የሰውነት ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከደረሰ እስኪነጋ ወይም የቀጠሮ ቀን እስኪደርስ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም በጽሑፍ ይያዙ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ከመውሰድ ይቆጠቡ። እንደ ቢጫ ወባና ኩፍኝ ያሉ ሕያው ተሕዋስያንን የያዙ ክትባቶች አደገኛ ሊሆኑ ስለሚችሉ ያለ ሐኪምዎ ፈቃድ አይውሰዱ።

የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ አንዳንዶቹ ጉበትን ሊጎዱ ወይም የመድኃኒቱን ሥራ ሊያሰናክሉ ይችላሉ። ጸበል የሚጠመቁ ወይም የሚጾሙ ታካሚዎችም የመድኃኒት ሰዓታቸውን ከእምነታቸው ጋር እንዴት እንደሚያጣጥሙ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ እንጂ እንክብሉን በራሳቸው አያቋርጡ።

መድኃኒት ስለ መግዛትና ከውጭ ስለ ማስመጣት

በአገራችን የካንሰር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በዋናነት ሲሰጥ የቆየው በአዲስ አበባ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲሆን፣ እንደ ጅማና ጎንደር ባሉ ከተሞች ወደሚገኙ ሆስፒታሎችም ተስፋፍቷል። ከላይ የተዘረዘሩት መድኃኒቶች ሁሉ ግን በየሆስፒታሉ የሚገኙ አይደሉም። ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰቦች በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚኖሩ ዘመዶቻቸው በኩል መድኃኒት ለማስመጣት ይሞክራሉ። ቤት ወይም ከብት ተሸጦ፣ ዕቁብና ብድር ተጠራቅሞ የተገዛ መድኃኒት ያለ ጥቅም እንዳይቀር የሚከተሉትን ያስተውሉ።

• በቅድሚያ አዲሱ የናሙና ውጤትና የሐኪም የጽሑፍ ማዘዣ በእጅዎ ይኑር።

• ፀረ እንግዳ አካላት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ሊጠበቁ ይገባል፤ በረዶ ሊሠሩም አይገባም። በሻንጣ ተይዞ የሙቀት መጠኑ ሳይጠበቅ የመጣ ብልቃጥ ሊበላሽ ይችላል፤ መበላሸቱም በዓይን ላይታይ ይችላል።

• በማኅበራዊ ሚዲያ ወይም በግለሰብ እጅ የሚሸጥ መድኃኒት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ስለ መድኃኒቱ ምዝገባና ስለ ማስገቢያ ፈቃድ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

• ሙሉ ሕክምናው ስንት ዙር እንደሆነና አጠቃላይ ወጪውን አስቀድመው ይወቁ። በገንዘብ እጥረት በመካከል የተቋረጠ ሕክምና የሚጠበቀውን ውጤት ላያስገኝ ይችላል።

• ለሕክምና ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ከሆነ የፓቶሎጂ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን በሰም የተጠበቀውን የናሙና ብሎክ፣ የሲቲ ስካን ምስሎችንና ቀድሞ የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዘው ይሂዱ።

ለሐኪምዎ ሊያቀርቧቸው የሚችሉ ጥያቄዎች

1. በሽታው ማገርሸቱ በአዲስ ናሙና ተረጋግጧል? ወደ ፈጣን ዓይነት አልተለወጠም?
2. አሁን ሕክምና መጀመር ያስፈልገኛል ወይስ በክትትል መቆየት እችላለሁ?
3. የታዘዘልኝ መድኃኒት ዒላማው ምንድን ነው? ዒላማው በእኔ ሴሎች ላይ መኖሩ ታይቷል?
4. የሄፓታይተስ ቢና የቲቢ ምርመራ ተደርጎልኛል?
5. ለእኔ የሚሆን፣ በአገር ውስጥ የሚገኝና ተቀራራቢ ጥቅም ያለው አማራጭ አለ?
6. ሕክምናው ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? መሥራቱስ በምን ይታወቃል?

ማጠቃለያ

ያገረሸ ፎሊኩላር ሊምፎማ በአብዛኛው ለመመርመርና ለመመካከር ጊዜ የሚሰጥ በሽታ ነው። ያንን ጊዜ ትክክለኛውን ናሙና ለማስወሰድ፣ የተደበቀ ኢንፌክሽንን ለማወቅና ከሐኪም ጋር ለመመካከር መጠቀም፣ መድኃኒቱን ቀድሞ ከማግኘት ይልቅ ይጠቅማል። ዒላማው ሳይታወቅ የተወረወረ ቀስት ምንም ያህል ውድ ቢሆን ውጤቱ አስተማማኝ አይሆንም።

ይህ መረጃ ለግንዛቤ የቀረበ በመሆኑ የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም። ሕክምናዎን በሚመለከት ማንኛውንም ውሳኔ ከመወሰንዎ በፊት የሚከታተልዎትን የካንሰር ወይም የደም ሕክምና ስፔሻሊስት ያማክሩ። በአካባቢዎ ስፔሻሊስት ከሌለም በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው ሆስፒታል በመሄድ የሪፈር አገልግሎት ይጠይቁ።